ምሳ ዕቃው ባዶ ሆኖ እንዲመለስ



በብዙ ቤት ከሰዓት በኋላ አንድ ዓይነት ንግግር ይሰማል። ልጅ ከትምህርት ቤት ይመለሳል። እናት ቦርሳውን ትፈታለች፤ ምሳ ዕቃውን ስትከፍት ጠዋት በጥድፊያ የቋጠረችው ምግብ እንዳለ ተቀምጧል።

«ለምን አልበላህም?»

«አላሰኘኝም።»

ነገሩ ተራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቁርሱን ቀማምሶ የወጣ ሕፃን 10 ሰዓት ላይ ቤቱ እስኪገባ ድረስ ምንም ካልበላ፣ የከሰዓት በኋላው ትምህርት ያመልጠዋል። ያዛጋል፣ ይነጫነጫል፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን መከተል ያቅተዋል። አንዳንዱ ደግሞ የቤቱን ምግብ ትቶ በኪስ ገንዘቡ ብስኩትና ቺፕስ ገዝቶ ሆዱን ያታልላል።

ከዚህም የሚከፋው ልጁ በቤቱ ምግብ ማፈር ሲጀምር ነው። ጓደኞቹ «ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው?» ብለው የሳቁበት ልጅ በማግስቱ ምሳ ዕቃውን ከዴስኩ ሥር ደብቆ ይከፍታል። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ አይከፍተውም። አያቱ ያነጠሩት ቅቤ፣ እናቱ ያዘጋጀችው በርበሬ የሚደበቅ ነገር ይሆንበታል። ዛሬ በምሳ ዕቃው ያፈረ ልጅ ነገ በምን ሊያፍር እንደሚችል ማሰቡ ለወላጅ ቀላል አይደለም።

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማ አስተዳደሩ የምገባ ፕሮግራም ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ ስለሚቀርብ፣ ይህ ሐሳብ የቀለላቸው ወላጆች ብዙ ናቸው። ልጆቻቸውን በግል ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ፣ እንዲሁም ምገባው ባልደረሰባቸው ቦታዎች የሚኖሩ ወላጆች ግን «ዛሬ ደግሞ ምን ልቋጥርለት?» ማለታቸው አልቀረም። የዛሬው ጽሑፋችን በተለይ ለእነርሱ ነው።

ጨዋታው ከራሳችን ማዕድ ይጀምር

ብዙ ወላጆች ምሳ ዕቃው ሳይነካ ሲመለስ መፍትሔው አዲስ ነገር መግዛት ይመስላቸዋል። ልጅ ግን የሚቀናው የሚያውቀውን መብላት ነው። አንድን እንግዳ ምግብ እስኪለምድ 10 ጊዜና ከዚያም በላይ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ምግቡን ከመለወጥ ይልቅ አቀራረቡን መለወጥ ይቀላል። ቤተሰቡ የሚወደውን ምግብ በትንንሹ ቆርጦ፣ ቅርጽ ሰጥቶ፣ ስም አውጥቶለት መላክ ማለት ነው።

በዚህ ረገድ የጃፓን እናቶች የታወቁ ናቸው። «ቤንቶ» በሚሉት ምሳ ዕቃ ውስጥ ሩዙን፣ ዕንቁላሉንና አትክልቱን በአበባና በልዩ ልዩ ቅርጾች እያስዋቡ ለልጆቻቸው ይቋጥራሉ። ልብ ልንለው የሚገባን ግን ሩዙም ዕንቁላሉም የዘወትር የቤት ምግባቸው መሆኑን ነው። እዚያም ቢሆን ነገሩ ወደ ፉክክር አዘንብሎ እናቶችን አድክሟል የሚል ወቀሳ አልጠፋም። ስለዚህ ጥበቡን እንውሰድ፤ ፉክክሩን እንተወው።

ለመጀመር አንድ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ቅዳሜ ማታ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ልጁ እየዞረ «አባዬ፣ አንተ በጣም የምትወደው ምግብ ምንድን ነው? አያቴስ?» እያለ ይጠይቅና ይጻፍ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቀን ይሰጠዋል። ሰኞ የአባት ይሆናል፣ ረቡዕ የአያት። ልጁ ምሳ ዕቃውን ሲከፍት የሚያገኘው ራሱ የመረጠውንና ታሪኩን የሚያውቀውን ምግብ ነው። «ምንድን ነው?» ብለው ለሚጠይቁት ጓደኞቹም የሚመልሰው አያጣም።

የአምስት ቀን ምሳ

ሰኞ፤ የአባት ጋሪ። አባት ድንች አልጫ ይወዳሉ እንበል። አልጫው ውሃው መጠጥ ብሎ ወፍራም ይሁን። በማንኪያ ተደፍጥጦ በግማሽ እንጀራ ላይ በስሱ ይቀባና እንጀራው ጠበቅ ተደርጎ ይጠቀለላል። ከዚያም በሁለት ጣት ስፋት ይቆራረጣል። ቁራጮቹ የተቆረጠው ጎናቸው ወደ ላይ ሆኖ ሲቀመጡ ቢጫና ቡናማ ክብ የተሣለባቸው ጎማዎች ይመስላሉ። በሁለቱ ላይ በረጅሙ የተቆረጠ የተቀቀለ ካሮት ጣል ሲደረግ ጋሪው ተሠራ። መረቅ የበዛበት ወጥ ግን ለዚህ አይሆንም፤ እስከ ቀትር እንጀራውን ያቦካዋል።

ማክሰኞ፤ የረመዳን ጀልባ። ሳምቡሳን የማይወድ ልጅ ከተገኘ ብርቅ ነው። ታዲያ ረመዳን እስኪመጣ ለምን ይጠብቃል? የምስር ሳምቡሳ ከወትሮው አነስ ተደርጎ ይዘጋጅ። የተቀቀለ ድንች በረጅሙ ለሁለት ተከፍሎ መሐሉ በቢላ ሰንጠቅ ይደረግና ሳምቡሳው እንደ ሸራ ይተከልበታል። ከሥሩ በደንብ ታጥቦ የተከተፈ ሰላጣ ባሕር ይሆናል። ሳምቡሳው ዘይቱ በሶፍት ተመጥጦ ሳይቀዘቅዝ ምሳ ዕቃው መከደን የለበትም፤ እንፋሎቱ ያለሰልሰዋል።

ረቡዕ፤ የአያት ማሳ። ቂንጬ በምሳ ዕቃው ውስጥ ተደላድሎ በሹካ ጀርባ ሲጫር ትልም የወጣለት እርሻ ይሆናል። በትልሞቹ ላይ ደቀቅ ብሎ የበሰለ ቆስጣ ወይም ጎመን በመስመር ይደረደራል፤ በየመሐሉ አተርና የካሮት ፍንካች ይዘራል። ልጁ እርሻውን ትልም በትልም ያጭዳል። ማታ ሲመለስ አያት «ዛሬ ስንት ትልም አጨድክ?» ብለው ቢጠይቁት ጎመን ጠላሁ የሚለው ልጅ እንኳ ቁጥር ላለማሳነስ ይበላል።

ሐሙስ፤ የጨረቃ ሌሊት። ይህ ራሱ የልጁ ቀን ይሁን። ዕንቁላል ሳስ ተደርጎ፣ በደንብ እስኪበስል ይጠበሳል። የሻይ ብርጭቆ አፉ ተደፍቶ ሲጫንበት ክብ ይወጣል፤ ብርጭቆው ትንሽ ፈቀቅ ተደርጎ በክቡ ላይ እንደገና ሲጫን ግማሽ ጨረቃ ይቀራል። ምሳ ዕቃው በጥቁር ጤፍ እንጀራ ይነጠፋል፤ ሌሊቱ እርሱ ነው። ቢጫዋ ጨረቃ በላዩ ትቀመጣለች፤ የካሮት ፍንካቾች ደግሞ ከዋክብት ይሆናሉ። ከብርጭቆው ውጪ የተረፈው ዕንቁላል አይጣልም፤ ተቆራርጦ ከእንጀራው ሥር ይገባል።

ዓርብ፤ የእንግዳ ቀን። በሶ በጥቂት ውሃና ማር ታሽቶ፣ ወይም ጭኮ፣ በትንንሹ እየተድቦለቦለ ይዘጋጃል። ፍሬው ወጥቶ ለሁለት የተከፈለ ቴምር ከጎኑ ይደረጋል። የዚህ ቀን ጨዋታው በቁጥር ነው። ሰባት ድቡልቡል ከተሠራ አራቱ የልጁ፣ ሦስቱ የእንግዶቹ ናቸው። ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው እርሱ ነው። ማታ ለማን እንደሰጠ ይናገራል።

በእነዚህ ቅርጾች ውስጥ ፊትና ዓይን ያለው ነገር አለመኖሩን አስተውላችሁ ይሆናል። በምግብም ቢሆን የሰውና የእንስሳ ምስል ማበጀት የሚከብዳቸው ቤተሰቦች አሉ። ጋሪ፣ ጀልባ፣ ማሳ፣ ጨረቃና ኮከብ ልጅን ለማስደሰት ይበቃሉ።

ከማማሩ በፊት ደኅንነቱ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተቋጠረ ምሳ የሚበላው 6 ሰዓት ላይ ነው። በመሐሉ አምስት ሰዓት አለ። የበሰለና እርጥበት ያለው ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲቆይ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን በፍጥነት ይራቡበታል። ሥጋ፣ ዕንቁላል፣ የወተት ተዋጽኦ፣ የበሰለ ሩዝና ጥራጥሬ በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ምግቡ ሳይሸት ወይም ጣዕሙ ሳይለወጥ ሊያሳምም ስለሚችል በማሽተት ብቻ መተማመን አይገባም። ስለዚህ የሚከተሉትን ማስታወስ ይጠቅማል።

የሚሞቀው ትኩስ ሆኖ ይሂድ። የምግብ ፔርሙዝ ካለ፣ የፈላ ውሃ ተሞልቶበት ለ5 ደቂቃ ያህል ይቆይና ውሃው ተደፍቶ እንፋሎት የሚወጣው ምግብ ወዲያው ይጨመርበታል። ቂንጬው በፔርሙዝ ከሄደ ትልሙን በዕቃው አፍ ላይ ማውጣት ይቻላል።

የሚቀዘቅዘው ቀዝቃዛ ሆኖ ይሂድ። ውሃ የተሞላበት የፕላስቲክ ኮዳ ሌሊቱን በፍሪዘር አድሮ በረዶ ከሆነ በኋላ ከምሳ ዕቃው ጋር ተጣብቆ በአንድ ቦርሳ ይቀመጣል። ምግቡን ያቀዘቅዛል፤ እየሟሟ ሲሄድም የሚጠጣ ይሆናል። ውሃ ሲረጋ ስለሚሰፋ ኮዳው እስከ አፉ አይሞላ። ጋሪው፣ ጀልባውና ጨረቃዋ በዚህ መንገድ ይሄዳሉ። በረዶም ፔርሙዝም ከሌለ በሶ፣ ቴምር፣ ዳቦና ያልተላጠ ፍራፍሬ ይሻላሉ።

ከማታ የተረፈ ምግብ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ ካልሆነ አይቋጠር። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረውም በትኩስ ሊላክ ከሆነ እንፋሎት እስኪወጣው ድረስ ይሙቅ። ኦቾሎኒ የሚያሳብጣቸውና ትንፋሽ የሚያሳጥራቸው ልጆች ስላሉ ለሌላ ልጅ በሚታደል ምግብ ውስጥ አይግባ። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑት ደግሞ ሙሉ ኦቾሎኒ፣ ያልተከፈለ ወይንና ጠንካራ ጥሬ ካሮት ጉሮሮ ላይ ሊያንቅ ይችላል፤ ካሮቱ ይቀቀል፣ ወይኑ በረጅሙ ይከፈል።

የመጠጡም ነገር አይረሳ። ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ብዙውን ጊዜ ከ7 የሻይ ማንኪያ የማያንስ ስኳር አለው። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከጤፍ፣ ከምስርና ከጎመን የሚያገኘውን ብረት በሚገባ እንዳይወስድ ያደርጋል። በአንጻሩ ብርቱካን ይረዳል። ስለዚህ ከምስር ሳምቡሳው አጠገብ የብርቱካን ስንጣቂና ንጹሕ ውሃ ቢሄድ ልጁ ከያዘው ምግብ ይበልጥ ይጠቀማል።

በውጭ አገር ላሉ ወገኖች

በአሜሪካና በአውሮፓ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ምሳ የሚቋጥሩበት ሌላም ምክንያት አላቸው። በትምህርት ቤቱ የሚቀርበው ሥጋ ሐላል ላይሆን ይችላል፤ በአንዳንድ ጣፋጮች ውስጥ የሚገባው ጄላቲንም ከአሳማ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ልጅን ሁልጊዜ «ይህን አትብላ» ብቻ እያሉ መላክ ግን ይከብደዋል። የሚከለከለውን ከመንገር ጎን ለጎን ደስ ብሎት የሚበላውን ማስያዝ ያስፈልጋል። ኦቾሎኒና መሰል ፍሬዎች ጨርሶ እንዳይገቡ የሚከለክሉ ትምህርት ቤቶች ስላሉ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ከምሳው ጋር አደቡን

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ያደገው ሕፃኑ ዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ በመአዱ ላይ እጁን ወዲያና ወዲህ ሲያዘዋውር ባዩት ጊዜ፣ የአላህን ስም ጠርቶ፣ በቀኝ እጁ፣ ከፊት ለፊቱ እንዲበላ እንዳስተማሩት በሐዲስ ተላልፏል። ምግብን የማነወር ልማድ እንዳልነበራቸውም፣ ከወደዱት ይበሉ ካልወደዱት ይተዉት እንደነበር ተዘግቧል። ይህ ሁለተኛው ትምህርት በየክፍሉ ባሉ ምሳ ዕቃዎች ዙሪያ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ማሰብ አያዳግትም። ልጃችን በምሳው እንዳይሳቅበት የምንፈልገውን ያህል፣ እርሱም በሌላው ልጅ ሽሮ ወይም ደረቅ ዳቦ እንዳይስቅ ልናስተምረው ይገባል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ያማረ ምሳ ዕቃ ባዶ እጁን በመጣ ልጅ ፊት ሲዘረጋ ልብ ይሰብራል። የዓርቡን የእንግዳ ቀን ያለ ምክንያት አልጨመርነውም። ልጁ የያዘው ጋሪም ሆነ ጀልባ ለመታየት ሳይሆን ለመብላት፣ ሲቻልም ለመካፈል መሆኑን ከቤቱ ይዞት ይውጣ።

ውድ እናቶችና አባቶች! ይህን ሁሉ በየቀኑ ማድረግ የሚችል ቤት ጥቂት ነው። በሳምንት አንድ ቀንም ቢሆን ይበቃል። አልጫውን ማታ ሠርቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር፣ እንጀራውን መጠቅለል ለታላቅ እህት፣ ኮዳውን ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ለአባት፣ የሳምንቱን ዝርዝር መጻፍ ለልጁ ማካፈል ይቻላል። ሥራው ሲከፋፈል ማለዳው ይቀላል፤ ልጁም እጁ ያለበትን ምግብ ደብቆ አይበላም።

አላህ ሲሳያችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን፤ ልጆቻችንንም በቤታቸው የሚኮሩ፣ ያላቸውን የሚያካፍሉ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።