የሶላር ፓምፕ ከመግዛት በፊት ጉድጓዱ ይለካ

በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ ከከሚሴ ከተማ ዙሪያ ጀምሮ የቦርከናን ወንዝ ተከትሎ በሚገኘው የጨፋ ሜዳ በጋ ሲገባ የመስኖ ሥራ የሚታወቀው በሞተር ድምፅ ነው። ማሳው ወንዝ ዳር የሆነ አርሶ አደር ከወንዙ ይስባል፤ ራቅ ያለው ደግሞ ጉድጓድ ቆፍሮ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ያጠጣል። ቤንዚን በጠፋ ወይም በተወደደ ቁጥር ግን ማሳው ውኃ ሳያገኝ ይሰነብታል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ተፈላጊ የሆነው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ፓምፕ በመጀመሪያው በጋ ተቃጥሎ ሊቀር ይችላል፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የፀሐይ ማነስ ሳይሆን ሳይለኩ መግዛትና በቀጭን ሽቦ ማገናኘት ነው።

ከላይ ተቀምጦ የሚስብ የቤንዚን ሞተር የራሱ ወሰን አለው። ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት ስለሆነ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በከሚሴ አካባቢ ከ6 ሜትር ብዙም ካለፈ ጥልቀት ደህና አድርጎ መሳብ አይችልም። ይህን ለማካካስ ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ማስነሳት ሕይወት ያስከፍላል። ጭሱ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ አለው፤ የወደቀውን ለማውጣት የሚገባውም አብሮ ይሞታል። ከዚያ ለሚበልጥ ጥልቀት የሚያስፈልገው ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው።

የመጀመሪያው መሣሪያ ገመድና ድንጋይ ነው። ልኬቱ መወሰድ ያለበት ውኃው በሚሸሽበት በየካቲትና በመጋቢት እንጂ ከክረምት ማግሥት አይደለም። ልኬቱም ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ጉድጓዱ አርፎ ሳለ፣ ሌላው በተዋሱት ፓምፕ ለሰዓታት ከተሳበ በኋላ። ያረፈው ውኃ በ9 ሜትር ላይ ቢገኝና ሲሳብ ወደ 14 ሜትር ቢወርድ፣ የሚቆጠረው 14 ነው። በዚያ ላይ ማጠራቀሚያው የቆመበት 4 ሜትር ይደመራል፤ ቱቦው ለሚያባክነው ግፊት ደግሞ 2 ሜትር ቢያዝ፣ ፓምፑ ውኃውን 20 ሜትር መግፋት አለበት ማለት ነው።

ቀጥሎ የውኃው መጠን ነው። በቆላ በጋ ሽንኩርት በቀን በካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ሊትር ይጠጣል ቢባል፣ ሩብ ሄክታር ወደ 15 ሺህ ሊትር ይፈልጋል። በቦይ የሚባክነው ከዚህ ውጪ ነው። 1 ሺህ ሊትር ውኃ 20 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ ፓምፑና ሞተሩ የሚያባክኑት ተጨምሮ 140 ዋት ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። ለ15 ሺህ ሊትር 2 ሺህ 100 ዋት ሰዓት ሆነ። በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ተይዞ፣ ሩቡን ሙቀትና አቧራ ይወስደዋል ቢባል፣ ከ550 እስከ 600 ዋት ፓኔል ይበቃል። ከፍታው 40 ሜትር ቢሆን ግን እጥፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥልቀቱን ሳይጠይቅ «ይህ ለአንድ ጥማድ ይበቃል» የሚል ሻጭ እየገመተ ነው። ጉድጓዱስ በ6 ሰዓት ይህን ያህል ውኃ ያመነጫል ወይ? ፓኔል ቢጨመር ውኃ አይጨምርም።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው ግን ሽቦው ላይ ነው። 360 ዋት የሚወስድ ባለ 24 ቮልት ፓምፕ 15 አምፔር ይስባል። ከፓኔሉ እስከ ፓምፑ 40 ሜትር ቢሆን፣ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ርዝመት 80 ሜትር ነው። ለቤት መስመር በተለመደው ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ 8 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከ24ቱ ለፓምፑ የሚደርሰው 16 ብቻ ነው። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይሞቃል፣ ውኃ ግን አያወጣም። በባለ 6 ሽቦ ብክነቱ ወደ 3 ቮልት ተኩል ይወርዳል፤ በባለ 16 ከ1 ቮልት ተኩል በታች ይሆናል፤ እሱ ግን ውድ ነው። ያው ኃይል ያለው ባለ 72 ቮልት ፓምፕ ቢመረጥ 5 አምፔር ብቻ ስለሚስብ፣ በዚያው በባለ 2.5 ሽቦ የሚባክነው ከ3 ቮልት ያነሰ ነው። ርቀቱ በረዘመ ቁጥር ቮልቱ ከፍ ያለውን መግዛት ያዋጣል። ይህ ቮልት ግን በረጠበ እጅ የሚነካ አይደለም፤ ከመጠገኑ በፊት የፓኔሉ መስመር መቋረጥ አለበት።

ፓኔሎች በተከታታይ ሲቀጠሉ ቮልቱ ይደመራል፤ ጎን ለጎን ሲያያዙ አምፔሩ። ባለ 550 ዋት ፓኔል ጭነት ሳይኖርበት 50 ቮልት ገደማ አለው። ሁለቱ ሲቀጠሉ 100 ይሆናል፤ በታኅሣሥ ቅዝቃዜ ማለዳ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። የመቆጣጠሪያው ጣሪያ 100 ቮልት ከሆነ ፀሐይ እንደወጣች ሊቃጠል ይችላል። ለማጥፊያነት የቤት ብሬከር አይሆንም፤ በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ላይ ሲጠፋ ብልጭታው ላይቋረጥ ስለሚችል ለዚሁ የተሠራ መግዛት ያስፈልጋል።

ውኃ ውስጥ የሚገባ መጋጠሚያ በናስትሮ ብቻ ከተጠቀለለ አይቆይም፤ ተጨምቆ ወይም ተበይዶ፣ ውስጡ ማጣበቂያ ባለውና በሙቀት በሚሸበሸብ ሽፋን መታሸግ አለበት። ፓምፑ በሽቦው ሳይሆን በናይለን ገመድ ይንጠልጠል፤ ደለል እንዳይስብም ከወለሉ 1 ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ውኃው ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋው ጠቋሚ ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይተወዋል። ፓምፕ ያለ ውኃ ሲዞር ግን በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ፓኔሉ ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያህል ያጋደለ፣ የዛፍ ጥላ የማያገኘው ቢሆን ይመረጣል። ለምሽት ውኃ ባትሪ ከመግዛት ይልቅ ገንዳ መሥራት ይረክሳል፤ ይቆያልም።

ከዚህ ውስጥ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን የሚመለከተው የግዥው ሰነድ ነው። «1 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ፣ 20 ፍሬ» ብሎ የወጣ ጨረታ ለ20 የተለያዩ ጉድጓዶች አንድ ዓይነት ዕቃ ያመጣል። በሰነዱ ላይ የእያንዳንዱ ጉድጓድ ከፍታና የቀን ሊትር፣ የሽቦው ርዝመትና ውፍረት፣ ጠቋሚውና መለዋወጫው ቢሰፍሩ ርካሹ ተጫራች ቀጭን ሽቦ ይዞ አይመጣም። ከዚያም በላይ ዕቃው ሲረከብ ፓምፑ ከጉድጓዱ ውኃ አውጥቶ፣ በርሜል በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ተለክቶ ቢፈረም ይሻላል።

ነዳጅ ስለማያስወጣ ፀሐይ እስክትጠልቅ የሚስብ ሰው ይኖራል። የጨፋ ውኃ ደግሞ ለሽንኩርት ብቻ አይደለም፤ በበጋ ከአፋር በኩል ጭምር ከብት ይወርድበታል፤ የጎረቤት ጉድጓድም ከዚያው ከርሰ ምድር ነው የሚጠጣው። የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበራት በየወሩ በዚያው ገመድ የውኃውን ጥልቀት ለክተው በደብተር ቢይዙ፣ ውኃው መሸሽ ሲጀምር የመሳቢያ ሰዓትን በፈረቃ ለመወሰን በእጃቸው ቁጥር ይኖራቸዋል።