«ይፋግ»ን ስትፈልጉ «ኢፋግ» እንዳይጠፋችሁ

ሲስተም የምታስተዳድሩ ወዳጆቼ፣ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን ሲኬድ የምትገኘው ከተማ አንዳንዱ ሰው «ይፋግ»፣ ሌላው «ኢፋግ» ብሎ ይጽፋታል። በሎግ ፋይል ውስጥ አንዱን ብቻ ፈልጋችሁ «የለም» ብትሉ ግማሹን ሳታዩ ፈረዳችሁ ማለት ነው።

ለዚህ የሚረዳችሁ ግሬፕ የተባለው ትእዛዝ ነው፤ ፋይሉን መስመር በመስመር አንብቦ የሰጣችሁት ቅርጽ ያለበትን መስመር ብቻ ያወጣል። በ1973 እ.ኤ.አ. ኬን ቶምፕሰን በቤል ላብስ ለዩኒክስ የሠራው ነው። ሃምሳ ዓመት አልፎት ዛሬም እኔ መጀመሪያ የምጠራው እሱን ነው።

ቁልፉ ማዕዘን ቅንፍ ነው። [ይኢ]ፋግ ብላችሁ ስትጽፉ «የመጀመሪያው ፊደል ከሁለቱ አንዱ ይሁን» ማለታችሁ ነው። አዲስ ዘመንንም [አዐ]ዲስ ዘመን ብላችሁ ፈልጉ። «ፀሐይ» ደግሞ [ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ ይሆናል፤ 12 አጻጻፎች በአንድ ትእዛዝ! ትልቅና ትንሽ ፊደልን አንድ የሚያደርገው የግሬፕ አማራጭ እዚህ አይረዳም፤ ግእዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፣ ሀ እና ሐም ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ። በግሬፕ ቅርጽ ውስጥ ነጥብ «ማንኛውም አንድ ፊደል» ማለት ስለሆነ «ፎ.ራ» «ፎገራ» የሚለውን ስም ማግኘት አለበት። ካላገኘ የሰርቨሩን የቋንቋ ቅንብር እዩት፤ በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ቅንብሩ ዩቲኤፍ-8 ካልሆነ ግን ነጥቧ የምትቆጥረው አንድ ባይት ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ «ግሬፕ አማርኛ አይችልም» የሚባለው በዚህች ምክንያት ነው።