ምን ይሠራ ነበር? የካርቱም ጥንታዊ የማዕድ ዕቃዎች

በካርቱም ሸክላ ከእርሻ ይቀድማል። አርኪዮሎጂስቱ አንቶኒ አርከል በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. በከተማዋ ሆስፒታል አጠገብ ሲቆፍር፣ ከ7 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የሸክላ ስብርባሪዎች አገኘ። ገላቸው ላይ የወንዝ ሞገድ የሚመስል መስመር አለ። ሠሪዎቹ ጭቃው ሳይደርቅ የአምባዛ እሾህ ጎትተውበታል። ዓሣው ቀለባቸውም የጌጥ መሣሪያቸውም ነበር።

ከዚያ በኋላ በሰሜን ሱዳን፣ በከርማ፣ ሥሩ ቀይ ከንፈሩ ጥቁር የሆነ ስስ ዋንጫ ያለ መዘውር፣ በእጅ ብቻ ይሠራ ነበር። ዋንጫዎቹ ከመቃብር አጠገብ ተደፍተው በመገኘታቸው አጥኚዎች ከቀብር ድግስ ጋር ያያይዟቸዋል። ለካርቱም ቅርብ የሆነችው ሶባ፣ የክርስቲያኑ የአልዋ መንግሥት መዲና፣ በቀለም ያጌጡ ጎድጓዳ ሳህኖች ትታልናለች።

ወደ ሱዳናውያን ቤት ስንገባ ለእኛ ሰው እንግዳ የሚሆን ነገር ጥቂት ነው። ገደህ ከግንድ የተፈለፈለ ትልቅ ገበቴ ነው፤ እንግዳና የቁርኣን ተማሪ ዙሪያውን ከብቦ ገንፎ ይበላበታል። ዚር የውኃ ጋን ነው። ውኃው በሸክላው ቀዳዳዎች ወዝቶ ሲተን የቀረውን ያቀዘቅዘዋል፤ በየመንገዱ ጥላ ሥር ለመንገደኛ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። ከዘንባባ ቅጠል የሚሰፋው ባለ ቀለም ጠበግ ምግቡን ከዝንብና ከአሸዋ ይከድናል። ጀበናውማ ስሙም የእኛው ነው፤ አንገቱ ላይ የሚወተፈው ቃጫም አተላውን የሚያስቀረው እንደ እኛው ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ሥራው የተረሳው ሙሽለኢብ ነው። ከገመድ ወይም ከጠፍር ተጎንጉኖ ከጣሪያ የሚንጠለጠል መያዣ ነው። እናት ማታ የተረፈውን ወጥና የወተቱን ቅል እዚያ ላይ ታሳድር ነበር። ድመት ዘልሎ አይነካውም፣ ጉንዳን አይደርስበትም፣ ነፋስም ያገኘዋል። ፍሪጅ ሲመጣ ሥራ ፈታ። ዛሬ ለጌጥ ተሰቅሎ የሚያየው ልጅ የምግብ ማሳደሪያ እንደነበር አያውቅም።

በ1971 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም በሚያዝያ 2023 በተነሣው ጦርነት ክፉኛ ተዘርፏል። ይህ ጉዳት ያንገበግባል። የተዘረፈ ዕቃ ግን በምዝገባና በፎቶግራፍ ሊፈለግ ይችላል፤ ዕቃው እንዴት ይያዝ፣ ማን ይቀዳበት፣ ማን ቀድሞ ይጠጣበት እንደነበር የሚያውቁት የተገለገሉበት ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹም ዛሬ ስደት ላይ ናቸው፤ በመተማ በኩል ወደ እኛ የተሻገሩም አሉ። ከጀበናው ዙሪያ አብረናቸው ስንቀመጥ የቤታቸውን ዕቃ ስምና ሥራ እንጠይቃቸው፣ እንጻፈውም። ዕቃው አንድ ቀን ቢመለስ ስሙንና ሥራውን ይዞ የሚቀበለው ሰው ያስፈልገዋል።