ከታች ያለው ሰው

በራያ ቆቦ፣ በሮቢትና በቆቦ ሜዳ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለም ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ዝናቡ የሚወርደው በስተምዕራብ ባሉት ተራሮች ላይ ነው፤ ደራሹ ግን እንደ ጎሊናና ሆርማት ባሉ ወንዞች ተንደርድሮ ሜዳው ላይ ይደርሳል። ሌላ አገር ጎርፍ ሲመጣ ሰው ይሸሻል። እዚህ ገበሬው አካፋውን ይዞ፣ ሌሊትም ቢሆን በባትሪ ብርሃን፣ ወደ ውሃው ይሄዳል። ቆላው ዝናብ አጠር ነው፤ ማሽላውና ጤፉ ለፍሬ የሚበቃው በዚህ ደራሽ ውሃም ጭምር ነው።

ይህ የጎርፍ መስኖ ይባላል። ስለ እርሻ ብዙ ይነገርለታል። ይህ ጽሑፍ ግን የሚያነሣው ለሌላ ጉዳይ ነው፦ ከቤታችን ውጭ፣ በመንገድ፣ በሰልፍ፣ በአውቶቡስ ውስጥ፣ ከማናውቀው ሰው ጋር እንዴት እንኑር ለሚለው ጥያቄ።

ውሃው እንዴት ይዳረሳል?

ወንዙ ዳር በአፈር፣ በድንጋይና በእንጨት ቅርንጫፍ ጠለፋ ይሠራል። ጠለፋው ከጎርፉ የተወሰነውን ወደ ዋናው ቦይ ይመልሳል፤ ከዋናው ትንንሽ ቦዮች ይወጣሉ፤ ከዚያ ውሃው ከማሳ ወደ ማሳ ይተላለፋል። ብርቱ ጎርፍ ከመጣ ጠለፋውን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ቦዩም በደለል ይሞላል። ስለዚህ በየጊዜው መጠረግ፣ መጠገን አለበት። አንድ አባወራ ልጆቹን አሰልፎ የሚወጣው ሥራ አይደለም። በደቦ ይሠራል፤ ከሥራው የቀረ ሰው ይጠየቃል።

ጎርፉ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ሰዓታት ቆይቶ ያልፋል። በእነዚያ ሰዓታት ውሃው መጀመሪያ የሚያገኘው የላይኛውን ማሳ ነው። ያ ማሳ ሲጠግብ ባለቤቱ ውሃውን ያቆመበትን ክትር ከፍቶ ለቀጣዩ ማሳለፍ አለበት። እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ የላይኛው ሰው ጎረቤቱን ለመጉዳት ክፋት ማሰብ አያስፈልገውም። ጋቢውን ተከናንቦ ቢተኛ ይበቃል። እሱ ሲያንቀላፋ የታችኛው ሰው የዓመት ቀለቡ ያመልጠዋል። መጠኑን ያለፈ ውሃ ደግሞ ክትሩን ጥሶ የተኛውንም ሰው መሬት ይሸረሽራል።

እስቲ አንዱን ሌሊት በዓይነ ሕሊናችን እንየው። የታችኛው ጎልማሳ በቦዩ ዳር ወጥቶ ሽማግሌውን ይጣራል፦ «አያ! ማሳዎ ጠግቧል፤ ይልቀቁልኝ እንጂ!» ሽማግሌው ባትሪያቸውን ወደ ማሳው ጥግ ያበራሉ። «ጥጉ አልረካም፤ ትንሽ ታገሠኝ።» አብረው ሄደው ያያሉ። ውሃው ጥጉን ሲነካ ሽማግሌው ራሳቸው ክትሩን ይቆርሳሉ። «በል ሩጥ፤ ውሃው እንዳይቀድምህ!»

በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው ትሕትና ነው፤ «አያ» ማለቱ፣ «ታገሠኝ» መባሉ። ሁለተኛው ኃላፊነት ነው፤ ጥጉን አብሮ ሄዶ ማየቱ፣ ክትሩን በራስ እጅ መክፈቱ። ትሕትናው ብቻ ቢኖር ኖሮ ጎልማሳው በመልካም ቃል ተሸኝቶ ደረቅ ማሳ ይዞ ያድር ነበር።

ይሉኝታ እስከ የት ያደርሳል?

እኛ በጨዋነት የምንታማ አይደለንም። ታላቅ ሲገባ «ኖር» ብለን እንነሣለን፤ ምግብ ቀርቦ ያገኘንን ሰው «እንብላ» ሳንል አናልፍም። ታዲያ እንግዳውን በሞቴ እያለ የሚያጎርሰው ሰው፣ በማግስቱ የአውቶቡስ መስኮት ከፍቶ ፌስታል ሲወረውር ለምን አይከብደውም?

መልሱ ያለው ይሉኝታ ላይ ነው። ይሉኝታ ዓይን ይፈልጋል፤ የሚያውቀን ሰው ዓይን። ማዕድ ላይ ያ ዓይን አለ። ከአዲስ አበባ መቀሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ወልዲያን አልፎ ወደ ቆቦ በሚከንፈው አውቶቡስ ውስጥ ግን ማንም ማንንም አያውቅም። ፌስታሉ የወደቀበት ማሳ ባለቤትም የጣለውን ሰው አያየውም። አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ጠባይ ነው፦ ከእኔ በኋላ የሚመጣው የራሱ ጉዳይ።

የገበሬዎቹ ቦይ ግን ይህን ችግር ለሰዎች ደግነት ብቻ አልተወውም። ተራ አለ፤ የሥራ ድርሻ አለ፤ ተራውን የሚጠብቅ፣ የውሃ አባት ወይም የውሃ ዳኛ የሚባል ሰው አለ። አዲስ አበባም ላይ ተመሳሳይ ነገር እናያለን። መገናኛ ላይ ማታ ታክሲ የሚጠብቀውን ረጅም ሰልፍ ያየ ሰው፣ ማንም ማንንም ሳያውቅ ተራ እንደሚከበር ይመሰክራል። ተራ አስከባሪው አለ፤ ከሁሉ በላይ ግን ሰልፈኛው ራሱ «ወንድም፣ ሰልፉ ከኋላ ነው» ይላል። ያችን ቃል ያለ ስድብ መናገርም ኃላፊነት ነው።

ሩቅ አገርም እንዲህ ያለ የውሃ ዳኝነት አለ። በስፔን ቫሌንሲያ ገበሬዎች ከመካከላቸው የመረጧቸው የውሃ ዳኞች በየሳምንቱ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በካቴድራሉ በር ተቀምጠው የመስኖ ክርክር ይሰማሉ። ክርክሩ በቃል ነው፤ ውሳኔውም እዚያው ይሰጣል። ዩኔስኮ ይህን ሸንጎ በ2009 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ከተበላሸ በኋላስ?

ስህተት አይቀርም። ክትር ይናዳል፤ ባጃጅ የሰው ዕቃ ይገጫል። ያኔ «ይቅርታ» ማለት መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ያን ጉዳት እንዲክስ ያዝዛል። ከሕጉ በፊትም ሽምግልናችን ይህንኑ ያውቅ ነበር፤ በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባለው የሽማግሌዎች ሥርዓት ደም ሲያደርቅ፣ በዳይ ጥፋቱን ያምናል፤ ካሳውም ይቆረጣል። ለትንሹም ጥፋት መንገዱ ያው ነው፦ ማመን፣ መጠገን፣ ከዚያ መታረቅ።

ከሱቅ ደጅ ያለው ቦይ

ይህን ሁሉ ለመሞከር ማሳ አያስፈልግም። ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለው የፍሳሽ ቦይ ይበቃል። የሽንኩርት ልጣጭና የሃይላንድ ጠርሙስ ወደዚያ የሚጠርግ ባለሱቅ ደጁ ያምርለታል። ሐምሌ ላይ ግን ቦዩ ይታፈንና ውሃው የሚገባው ከእሱ በታች ካለችው ሻይ ሻጭ ቤት ነው። እሷ ውሃውን በጆግ ስትቀዳ ከላይ ማን እንደደፈነው አታውቅም። ባለሱቁም ክፉ ሰው አይደለም፤ ሻይዋን ሲጠጣ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ጨዋ ነው። ያላደረገው አንድ ነገር ቢኖር ቁልቁል ማየት ነው።

መኪና ስናቆም መውጫ የሚዘጋበት ማነው? የቦኖ ውሃ ሳንዘጋ ስንሄድ ባዶ ጀሪካን ይዞ የሚመለሰው ማነው? በዚያ ሌሊት ሽማግሌው ይህን ጥያቄ አልረሱም። የራሳቸው ማሳ መርካቱን አዩ፤ ከዚያ ከታች በጨለማው ውስጥ የሚጠብቅ የሌላ ሰው ማሳ እንዳለ አስበው አካፋቸውን አነሡ።