ድንክዬዋ ፌንጣ ከማን ትወለዳለች?

በ2013 ዓ.ም. መባቻ፣ ማሽላው ሲያሸትና ጤፉ ወደ መብሰሉ ሲቃረብ፣ የበረሃ አንበጣ መንጋ የአማራ ክልልን ምሥራቃዊ ዞኖች ወርሮ የብዙ ቤተሰብ የዓመት ጉርስ በሰዓታት ውስጥ ጨርሷል። ያን ሰሞን ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ማሳው ውስጥ የዋለ ገበሬ አንበጣ ምን እንደሆነ ከማንም መማር አያስፈልገውም። ይህ ጽሑፍ ስለ አንበጣ ዘመዶች ነው፤ በተለይም ከሁሉ ስላነሰችው፣ በምንጭና በመስኖ ቦይ ዳር ስለምትኖረው፣ ሰው አጠገቧ ሲያልፍ ልብ ስለማይላት ድንክ ፌንጣ። የማንንም ሰብል አትነካም። የአንበጣን የዘር ሐረግ ለመረዳት ግን ከእሷ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም።

በዚያው ክልል፣ በሰቆጣ ከተማ ዙሪያ ዝናቡ የሚጥለው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ውኃ የጠጣው መሬት እስከ መስከረም ድረስ በየምንጩ ሥር፣ በየወራጁ ዳርና በመስኖ ቦዩ ጠርዝ ርጥብ ሆኖ ይቆያል። ድንክ ፌንጣን የሚፈልግ ሰው መሄድ ያለበት ወደዚህ ነው። ሣር የበዛበትን ሜዳ ትቶ አልጌ የለበሰ ጭቃና የድንጋይ ሽበት ያለበትን ቋጥኝ ይመልከት፤ ምግቧም ይኸው ነውና፤ አልጌ፣ የድንጋይ ሽበት፣ የበሰበሰ ቅጠል። ቤተሰቧ ከአንታርክቲካ በቀር በሁሉም አህጉር ይገኛል። በአፍሪካ በሰፊው ከተሰራጩት ወገኖቹ አንዱ ፓራቴቲክስ ይባላል። ጎንበስ ብላችሁ ጭቃውን ለጥቂት ደቂቃ ብታዩ፣ አፈር የመሰላችሁ ነገር ድንገት ዘሎ ይሰወራል። አንዳንዶቹ ሲደነግጡ ውኃ ውስጥ ይገባሉ፤ ዋናም ይችላሉ።

እጃችሁ ከገባች መጀመሪያ ጀርባዋን እዩ። ርዝመቷ ብዙ ጊዜ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ አጉሊ መነጽር ቢኖር ይመረጣል። በሌላው ፌንጣ ላይ ከራሱ ቀጥሎ ያለው ጠንካራ ሽፋን ከትከሻው ብዙም አያልፍም፤ ከዚያ ወዲያ ክንፉ ይጀምራል። በድንክ ፌንጣ ግን ይኸው ሽፋን ወደ ኋላ ተስቦ፣ እየሾለ ሄዶ ሆዷን በሙሉ ይከድናል፤ በአንዳንዱ ዝርያ ከሆዷ ጫፍም አልፎ ይወጣል። ካባ የደረበች ነው የምትመስለው። የፊት ክንፎቿ ከዚህ ካባ ጎንና ጎን ሁለት ትንንሽ ቅርፊቶች ሆነው ቀርተዋል። የኋላ ክንፎቿ ከሥሩ ታጥፈው ይቀመጣሉ፤ በአንዳንዶቹ ረዥምና ለመብረር የሚያበቁ ናቸው፣ በሌሎቹ አጫጭር ናቸው። በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ረዥም ክንፍ ያላቸውና አጭር ክንፍ ያላቸው አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ቀለማቸውም እንዲሁ ነው። ከአንድ ምንጭ ዳር የተያዙ የአንድ ዝርያ ፌንጦች አንዷ ቡናማ፣ አንዷ ግራጫ፣ አንዷ ጥቁር፣ አንዷ ደግሞ ጀርባዋ ላይ ነጭ መስመር ያላት ልትሆን ትችላለች። በክንፍ ርዝመትና በቀለም ብቻ ልመድባችሁ ያላቸውን ሰው ያሳስቱታል።

ስለዚህ መዳቢው ሌላ ምልክት ይፈልጋል። እግሯን ይቆጥራል፤ የፊትና የመካከል እግሮቿ ጫፍ ሁለት ሁለት መገጣጠሚያ ክፍሎች አሉት፣ የኋለኛው ሦስት። በአንበጣ ግን የሁሉም እግር ሦስት ሦስት ነው። ቀጥሎ በሁለቱ ጥፍሮች መካከል ያያል፤ አንበጣ እዚያ ለመቆናጠጥ የሚረዳ ለስላሳ ትራስ አለው፣ ድንክ ፌንጣ የላትም። ከዚያ ጆሮ ይፈልጋል። አንበጣ ጆሮው ሆዱ ላይ ነው፤ ከኋላ እግሩ መነሻ በላይ፣ በክንፉ የተሸፈነች ቀጭን ልጥ መሳይ ክብ አለችው። ድንክ ፌንጣ ይህ ጆሮ የላትም፣ እንደ ብዙዎቹ ዘመዶቿም እግሯን ከክንፏ ጋር እየፋተገች አትዘፍንም።

ሳይንቲስቶች ይህን ሁሉ አይተው ቴትሪጊዴ የሚባል የራሷን ቤተሰብ ሰጥተዋታል። በውስጡ ዛሬ 2,000 ገደማ ዝርያዎች ተመዝግበዋል።

ቤተሰቡ ያለበት ትልቅ ቤት ኦርቶፕቴራ የሚባለው ክፍለ መደብ ነው። ወደ 30,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፤ ለሁለትም ይከፈላል። የመጀመሪያው ወገን ኤንሲፌራ ነው፤ አንቴናቸው ክር የመሰለና ብዙ ጊዜ ከገላቸው የሚረዝም ነው። ሌሊቱን ሲጮኹ የሚያድሩት ክሪኬቶች የዚህ ወገን ናቸው። ድምፃቸውን የሚያወጡት ክንፍን ከክንፍ በማፋተግ ነው፤ ጆሯቸውም የፊት እግራቸው ላይ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሁለተኛው ወገን ኬሊፌራ፣ አጭር አንቴና ያለው ነው። አንበጣም፣ ሜዳ ላይ የምናየው አብዛኛው ፌንጣም፣ ድንክ ፌንጣም እዚህ ይገባሉ። በዚህ በሁለተኛው ወገን ውስጥ ድንክ ፌንጣ ከአንበጣ የተለየችው ገና ከጥንት፣ ሣር ምድርን ከመሸፈኑ በፊት ነው። አንበጣና የቅርብ ዘመዶቹ ኋላ የመጣውን ሣር ምግባቸው ሲያደርጉ፣ እሷ ከጥንት ማዕዷ አልተነሣችም። እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ ይህ ነው፤ ያቺ ጭቃ ላይ ያለች ትንሽ ፍጥረት ከሣር የሚቀድም የዘር ሐረግ ይዛ ነው እዚያ የተቀመጠችው።

ወደዚህ ሥርዓት ለመድረስ ረዥም ጊዜ ፈጅቷል። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው መጽሐፍ ፌንጣን ሁሉ፣ አንበጣን፣ ክሪኬትን፣ የፊት እግሯን አጣጥፋ አድብታ የምታድነውን ማንቲስን ሳይቀር ግሪሉስ በሚል አንድ ስም ሥር አስገብቶ ነበር፤ ግሪሉስን ደግሞ ከጢንዚዛዎች ጋር መደበው። ሆኖም በግሪሉስ ውስጥ ንዑስ ክፍሎችን ሲያበጅ ድንክ ፌንጦችን ከአንበጣ ለይቶ አስቀምጧል፤ ጀርባቸውን አይቶ መሆን አለበት። ማንቲስ ዛሬ ከዚህ ቤት ወጥታለች። የእሷ የቅርብ ዘመዶች በረሮና ምስጥ ናቸው። ጎተራ የሚያፈርሰው ምስጥም ጉንዳን ቢመስልም ከጉንዳን ጋር አይወለድም፤ በዘረ መል ምርመራ የበረሮ ወገን ሆኖ ተገኝቷል። መልክ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያታልል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

የበረሃ አንበጣን ሳይንሳዊ ስም የሰጠው የሊኔየስ ተማሪ ፔተር ፎርስኮል ነው። ግብፅንና የመንን እየዞረ እንስሳትና ዕፅዋት ሲሰበስብ እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ ሞተ። ማስታወሻዎቹን ያሳተመለት አብረውት ከተጓዙት መካከል በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ሲሆን፣ ዛሬ ሺስቶሰርካ ግሬጋሪያ የምንለው ነፍሳት ስሙን ያገኘው በ1775 በወጣው በዚያ መጽሐፍ ነው። ከዚያች ከየመንና ከአካባቢዋ ነው የእኛም መከራ የመጣው። እ.ኤ.አ. በግንቦትና በጥቅምት 2018 መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች በዓረብ ባሕረ ገብ መሬት በረሃ ላይ ዝናብ ጣሉ፤ አንበጣው ሰው በማይደርስበት አሸዋ ላይ ትውልድ በትውልድ ላይ ተራባ፤ በ2019 ቀይ ባሕርንና የኤደን ባሕረ ሰላጤን ተሻግሮ ኢትዮጵያ ገባ። መንጋው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። 1 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ ይችላል፤ በአንድ ቀንም 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል ይበላል።

ግን ይኸው አንበጣ ብቻውን ሲኖር ከበረሃው ጋር የሚመሳሰል፣ ከጎረቤቱ የሚሸሽ ተራ ፌንጣ ነው። ዝናብ ጥሎ ቁጥሩ ሲበዛ፣ እርስ በርሱ ሲነካካ ባሕርዩ ይለወጣል፤ ተከታዩ ትውልድ ቀለሙ ደምቆ፣ ኩብኩባው ተሰልፎ መሄድ ይጀምራል። ይህን ለሳይንስ ያስረዳው የነፍሳት ተመራማሪው ቦሪስ ኡቫሮቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ሁለት ስም ወጥቶላቸው ሁለት ዝርያ ናቸው ይባሉ የነበሩ ተጓዥ አንበጦች በእርግጥ አንድ እንደሆኑና የሚለያዩት ብቻቸውን ወይም በመንጋ በመኖራቸው እንደሆነ አሳየ። ስም መስጠት ብቻ የሚመስለው የምደባ ሥራ የመከላከልን መንገድ የቀየረው እዚህ ላይ ነው። መንጋው የተለየ ዝርያ ሳይሆን ሰላማዊ ሆኖ ከሚኖረው ፌንጣ የሚወለድ ከሆነ፣ መጠበቅ ያለበት በረሃው ነው። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1962 ሲቋቋም አገሮች ተባብረው ይህን ጥበቃ እንዲያካሂዱ ታስቦ ነበር።

አሁን ወደ ሰቆጣ እንመለስ፤ ከተማዋ ያለችበት ዋግ በቀድሞው አከላለል ከወሎ አውራጃዎች አንዱ ነበር። በሰሜኑ ደገዛ የሚሉት የሰብል ጠላት አለ። ከሩቅ ላየው አንበጣ ይመስላል፤ አንቴናውን ግን እዩ። ረዥምና ቀጭን ነው፤ ሴቷም ከሆዷ ጫፍ የእንቁላል መጣያ ስለት አላት። ይህ የኤንሲፌራ ወገን ነው፤ ከአንበጣ ይልቅ ለክሪኬት ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1977 እንግሊዛዊው ዴቪድ ራግ ለሳይንስ አዲስ ዝርያ መሆኑን አረጋግጦ ዴክቲኮይደስ ብሬቪፔኒስ ብሎ ሰየመው። ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም። ጤፉ፣ ስንዴው፣ ገብሱ ገና ወተት ሲይዝ ለስላሳውን ፍሬ ይበላል።

ክንፉ አጭር ነው፤ አይበርም። ለገበሬውና ለግብርና ባለሙያው ከሁሉ የሚጠቅመው እውቀት ይህ ይመስለኛል። የማይበር ነፍሳት ባሕር ተሻግሮ አይመጣም፤ ማሳው ውስጥ የተገኘው ደገዛ የተፈለፈለው እዚያው አካባቢ፣ ማሳውን በሚያዋስነው ሣርና ጦም ባደረ መሬት ላይ ነው። የአንበጣ ወሬ ከሌላ አገር በሳተላይትና በአውሮፕላን ይጠበቃል፤ የደገዛ ወሬ ግን በእግር፣ ከድንበር እስከ ድንበር እየተራመዱ፣ ክረምቱ እንደገባ ገና ግልገል ሳለ ይፈለጋል። ሁለቱን ፌንጣ ብሎ አንድ ላይ የጠራ ሰው ጊዜውንም ቦታውንም ይስታል። በዋግ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የገባውን ቃል በሰቆጣ ስም የሰየመው የምግብ እጥረቱ እዚህ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው። ተባይን በስሙና በወገኑ መለየት ደግሞ እህሉን የማዳን ሥራ አካል ነው። ድንክ ፌንጣንም በዚሁ ዕውቀት መታደግ ይቻላል፤ አልጌ የምትበላ ምስኪን ሳለች አንበጣ መሰለች ተብላ መድኃኒት እንዳይረጭባት፣ ምንጩም እንዳይመረዝ።

የአገራችን ፌንጦች ገና በሚገባ አልተሰበሰቡም። እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 ሂዩ ስኮትና ጆሴፍ ኦመር ኩፐር የተባሉ እንግሊዛውያን ብዙ ነፍሳት ሰብስበው ሄደዋል፤ ፌንጦቹን ያጠናው ያው ኡቫሮቭ ነው። መንገዳቸው ግን እንደ ዝቋላና ጭላሎ ባሉ ተራሮች በኩል፣ በመካከለኛው ደጋ ነበር። ድንክ ፌንጦችን ዛሬ እንደገና እየመረመሩ ካሉት አንዱ ክሮኤሺያዊው ዮሲፕ ስኬዮ ነው፤ ተራ ሰዎች በስልክ ያነሷቸውን ፎቶዎችም ለጥናቱ ይጠቀማል። ይህ ለሰቆጣ ተማሪ ትልቅ ዕድል ነው። ከተማዋ ውስጥ የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ አራት ኪሎም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ።

እንግዲህ መስከረም ላይ ምንጭ ዳር አንዷን ያገኘ ተማሪ በመጀመሪያ ፎቶ ያንሣት፤ ከላይ ጀርባዋ፣ ከጎን ክንፏና እግሯ፣ ከፊት ለፊት ዐይኗና አንቴናዋ እንዲታዩ። ፎቶው ይቅደም፣ ምክንያቱም አልኮል ውስጥ ስትገባ ቀለሟ ይደበዝዛል። ከዚያ ከብልቃጡ ጋር ትንሽ ወረቀት ይጨምር፤ ቀበሌውን፣ የምንጩን ስም፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የያዛትን ሰው ስም፣ የተቀመጠችበት ጭቃ ይሁን ድንጋይ፣ በአካባቢው ቋንቋ በኽምጥኛ የምትጠራበት ስም ካላትም እሱን ጭምር ይጻፍበት። ወረቀቱ የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል።