በሰንጠረዥ ላይ የተቈጠረ ጤፍ

ሰንጠረዥ የቀድሞ መኳንንት ጨዋታ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ገበታውም 64 ቤት አለው። እንግዲህ በሳሪስ አቦ ያለ አንድ አባወራ ከጐረቤቱ ሲበደር፣ «በፊተኛው ቤት አንዲት የጤፍ ቅንጣት፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት፣ እንዲሁ እጥፍ እያደረግሁ እስከ መጨረሻው ቤት እከፍልሃለሁ» ብሎ ቢዋዋል ምን ይደርስበታል?

3 ሺህ ያህል የጤፍ ቅንጣት አንድ ግራም ስለሚመዝን፣ እስከ 32ኛው ቤት ያለው ዕዳ 14 ኩንታል ያህል ነው፤ ይህን ባለጸጋ ሰው ይከፍለዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት ከርሱ በፊት ካሉት ቤቶች ሁሉ ድምር በአንዲት ቅንጣት ይበልጣልና፣ የ64ቱ ድምር 18,446,744,073,709,551,615 ይሆናል። ይኸውም 61 ቢሊዮን ኩንታል ያህል ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ በቅርብ ዓመታት በያመቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊዮን ኩንታል ጤፍ ያመርታልና፣ ዕዳው ከሺህ ዓመት መከር ይበልጣል።

ይህም ታላቅ ቍጥር 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 641፣ 65,537 እና 6,700,417 እርስ በርሳቸው ሲባዙ የሚገኝ መሆኑ ያስደንቃል። ከነዚህም የ641ን አካፋይነት የገለጠው የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሊቁ ኦይለር ነው፤ ዘመኑም በአውሮፓ አቈጣጠር 1732 ነበር።

ስለዚህ፣ ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፣ ይህን ሒሳብ ለልጆቻችሁ አስተምሩ፤ ዕዳው በየጊዜው የሚታጠፍ ውል ሲቀርብላቸው፣ ከመፈረማቸው በፊት የመጨረሻውን ቤት ይቍጠሩ።