ጠባዩን ወይስ ሰፈሩን?
ያልታወቀ ወንጀለኛ ስለሚፈለግባቸው ሁለት መንገዶች

ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ወንጀል ሲደጋግም፤ መርማሪው በሁለት መንገድ ሊገምት ይችላል። አንደኛው ከአድራጎቱ ተነሥቶ «ይህ ምን ዐይነት ሰው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ወንጀሉ የተፈጸመባቸውን ስፍራዎች በካርታ ላይ ምልክት አድርጎ «ፍለጋው ከየትኛው ሰፈር ይጀመር?» ማለት ነው። የፊተኛውን የጠባይ ግምት፤ የኋለኛውን የቦታ ግምት እንበላቸው።

በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የታወቀው የጠባይ ግምት ነው። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ ገዳዮችን «የተደራጀ» እና «ያልተደራጀ» ብሎ በሁለት ከፍሎአቸው ነበር። አከፋፈሉ ለማስተማር ይመቻል፤ ነገር ግን በ2004 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ካንተርና የሥራ ጓደኞቹ መቶ ግድያዎችን ቢመረምሩ ሁለቱ ወገኖች ተለይተው አልወጡላቸውም።

የሁለቱ መንገዶች ልዩነት በሰው ሕይወት ላይ ምን ያኽል እንደሚከብድ ለማየት የእንግሊዙን የዮርክሺር ጉዳይ መመልከት ይበቃል። ከ1975 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ 13 ሴቶች ተገደሉ። በ1979 «ገዳዩ እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ የተቀረጸበት ካሴት ለፖሊስ ደረሰ፤ አነጋገሩም የሰንደርላንድ አካባቢ ነበረ። አለቆቹ ካሴቱን አመኑት። ስለዚህ አነጋገሩ እንደዚያ ያልሆነ ተጠርጣሪ በቀላሉ ይታለፍ ጀመር። ፒተር ሰትክሊፍ ደጋግሞ ተጠይቆ ያመለጠው በዚህ ጊዜ ጭምር ነው፤ ከካሴቱም በኋላ ሦስት ሴቶች ሞቱ። ካሴቱን የላከው ሌላ ሰው ነበረና በ2006 ተፈረደበት።

በ1980 መጨረሻ ስቱዋርት ካይንድ የተባሉ የፎረንሲክ ሊቅ ጠባዩንም ድምፁንም ትተው ቦታውንና ሰዓቱን ያዙ። የወንጀሎቹን ስፍራ መካከለኛ ነጥብ አሰሉ። ደግሞም ሰውየው ሌሊት ወደ ቤቱ የሚመለስ ከሆነ፤ ሲመሽ የሚፈጽመው ወንጀል ለቤቱ የቀረበ መሆን አለበት ሲሉ አሰቡ። ሁለቱም ስሌት ወደ ብራድፎርድ አመለከተ። ሰትክሊፍ በእርግጥ የሚኖረው እዚያ ነበረ። ያስያዘው ግን ስሌቱ አይደለም፤ በጥር 1981 ሼፊልድ ላይ በሐሰተኛ የመኪና ታርጋ ነው የተያዘው።

ይህን አሳብ ወደ ኮምፒዩተር ያገባው የቫንኩቨሩ ፖሊስ ኪም ሮስሞ ነው፤ የዶክትሬት ጽሑፉንም በ1995 ፈጸመ። መሠረቱ ቀላል ነው። ወንጀለኛ እንዳይታወቅ ከደጁ ጥቂት ይርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ርቀቱ በጨመረ ቍጥር ወንጀሉ ያንሳል። ውጤቱም «ይህ ቤት ነው» የሚል ሳይሆን ሰፈሮችን በተራ የሚያስቀምጥ ነው። እኔ የምመርጠውም በዚሁ ነው፤ ሰውየው ከተያዘ በኋላ ከፍለጋው ስፋት ስንት እጅ ተፈትሾ ይገኝ እንደ ነበረ መለካት ይቻላልና። «ብቸኛና ቂመኛ ነው» የሚል ቃል በምን ይለካል?

ይሁን እንጂ መሣሪያው ራሱ መመለክ የለበትም። በ2002 በወጣ ጥናት፤ ሁለት ቀላል ደንቦችን የተማሩ ተራ ሰዎች ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚቀራረብ ግምት ሰጥተዋል። ወንጀለኛው ከሌላ ከተማ እየመጣ የሚመለስ ሲሆን ደግሞ ካርታው የሚያሳየው ቤቱን ሳይሆን የሚያድንበትን ስፍራ ብቻ ነው።